በሽቦ የታሰረው ዟሪ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ዟሪውን በሽቦ አሰርኩት። ዓርብ ረፋድ ላይ ሙመድ በዚያው ሽቦ ምክንያት ሊሞት ነበር። በሁለቱ መካከል አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን አለፈ። መናገር የምችልበት ጊዜ ነበረኝ ማለት ነው።

ስሜ ናሁሰናይ ነው፤ ሥራ ላይ ናሁ ይሉኛል። ከባድ ዕቃ በክሬን የምናነሳ አራት ሰዎች ነን። ክሬኑን የሚነዳው ሙስአብ ነው። ሙመድ ከታች ሆኖ የተንጠለጠለውን ዕቃ በገመድ እየጎተተ አቅጣጫ ያስይዛል፤ ያንን ገመድ ልጓም እንለዋለን። እኔ ዕቃውን በሰንሰለት አስራለሁ፤ ከዚያ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሜ ለሙስአብ በእጄ ምልክት እሰጣለሁ። አለቃችን ሙሴ ሣህሉ ናቸው። አባታቸው የምድር ባቡር መካኒክ ነበሩ፤ ሙሴ የሚለውን የፈረንሳይኛ መጠሪያም ከመፍቻዎቹ ጋር ከአባታቸው ነው የወረሱት።

የምልክት ሥራውን የወደድኩት አፍ ስለማያስፈልገው ነው። ሰው ፊት ልናገር ስል ጉሮሮዬ ይዘጋል። እጄ ግን አይንተባተብም።

ዟሪ የምንለው ዕቃ ወደ እኛ የመጣው በሙመድ ጎድን የተነሳ ነው። ባለፈው ወር አንድ የውሃ ታንከር ስናነሳ ታንከሩ በአየር ላይ ዞረ። የክሬናችን መንጠቆ ዝጎ ከያዘ ቆይቷል፤ አይዞርም። ስለዚህ ዕቃው ሲዞር ካቮውም፣ የብረት ገመዱ ማለቴ ነው፣ አብሮ ተጠመዘዘ። ካቮ የተጠመዘዘውን አይረሳም። ትንሽ ቆሞ ታንከሩን ወደ ኋላ አሽከረከረውና ሙመድን ከግድግዳ ጋር አጋጨው። ሁለት ጎድኑ ተሰነጠቀ። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ነርሷን ሲያስቅ ነበር፤ ሙሴ ሣህሉ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በደንብ አልበሉም። ሦስት ሳምንት ፈልገው ፈልገው ከጅቡቲ ዟሪ አስመጡ።

ሐሙስ ዕለት ሳጥኑን አስታቀፉኝና፣ “ይህን በመንጠቆውና በሰንሰለቱ መሀል ታስገባለህ። ነገ የአዴ ሃሊሞን ኮምፕሬሰር የምናነሳው በዚህ ነው” አሉኝ። ስልካቸው ጮኸ፤ እያወሩ ሄዱ።

ሳጥኑን ከፈትኩት። ሁለት ወፍራም የብረት ቀለበቶች በአንድ አንገት ተያይዘዋል። አንገቱ ውስጥ ኩሽኔታ ስላለው የላዩን ቀለበት ይዤ የታችኛውን በአንድ ጣት ብነካው ያለ ድምፅ ዞረ። ቆመ ስል ደግሞ ዞረ። በልኩ መሆኑን ለማየት በርሜል አሸዋ አንጠልጥዬ ሞከርኩት። በርሜሉ ዝም ብሎ፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀስ እያለ ዞረ።

ያን ጊዜ ፈራሁ።

ሙሴ ሣህሉ አራት ዓመት ሙሉ ያስተማሩኝ አንድ ነገር ነው፤ የሚዞር ዳዶ ሁሉ መውጫውን ይፈልጋል። ስለዚህ በእኛ ቤት ያልታሰረ ዳዶ የለም። የቡሎኑን አናት በስተን በቀዳዳው ሽቦ እናሳልፋለን፣ በፒንሳ እንጠመዝዘዋለን። የክሬኑ ጎማ እንደዚያ ነው፣ የሰንሰለቱ መቆለፊያ እንደዚያ ነው፣ የቢሮው በር እጀታ እንኳ እንደዚያ ነው። ሙመድ፣ “ሙሴ ሚስታቸውን በሽቦ ሳያስሩ አይተኙም” እያለ ይቀልዳል። አሁን እጄ ላይ ያለው ብረት ታዲያ ያለ ማቋረጥ ይዞራል። ሁለት ቶን ተሸክሞ ቢፈታስ? በዓይኔ የታየኝ ይህ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ሲወድቅ፣ ሥሩ ሙመድ ሲቆም።

ሙሴን ልጠይቃቸው አሰብኩ። ቢሮው ውስጥ ሁለት እንግዶች ነበሩ። በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ከዚያ አንድ ክንድ የማትሞላ ፌሮ ቆርጬ በሁለቱ ቀለበቶች ጎን አስደገፍኳት። ላይና ታች በማሰሪያ ሽቦ አሥራ ሁለት ጊዜ ጠመጠምኩት፣ በፒንሳ አጠበቅኩት። የታችኛውን ቀለበት በሁለት እጄ ብታገለው አልነቃነቅ አለ። ደስ አለኝ። እንዳይዝግ ብዬ ላዩን ሁሉ ግራሶ ለቀለቅኩት፤ እውነቱን ለመናገር፣ እንዳይታይም ነው።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ሳቢያን ሰፈር ደረስን። የአዴ ሃሊሞ የበረዶ ቤት ያለው በጠባብ መንገድ ዳር ነው። ትልልቅ በረዶ እያመረቱ ለዓሣና ለለስላሳ ሻጮች የሚያከፋፍሉ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት ናቸው። አሮጌው ኮምፕሬሰራቸው ተቃጥሎ፣ ክፍሉ ውስጥ የቀረው በረዶ እየቀለጠ ከበሩ ሥር ይፈስ ነበር።

ክሬኑ መንገዱ ላይ ቆመ። ኮምፕሬሰሩ ከአይሱዙ ላይ ተነሥቶ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ ግቢው ውስጥ መውረድ አለበት። ሙስአብ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ግቢውን አያይም። ስለዚህ እኔ የጥበቃው ቤት ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ሆኜ ሁለቱም ይታዩኛል፤ ሙስአብ ከውጭ፣ ሙመድ ከውስጥ።

ከመውጣቴ በፊት ግን ሙሴ ሣህሉ ዟሪውን ለአዴ ሃሊሞ ሲያሳዩ ከኋላቸው ቆሜ ነበር።

“አንቺ ባለፈው የታንከሩን ነገር ሰምተሽ ‘ሰው ልትገድሉብኝ ነው ወይ?’ ብለሽኝ አልነበር?” አሉ ሙሴ። “ተመልከቺ። ይህ ከላይ ካቮውን ይይዛል፣ ከታች ዕቃውን። ዕቃው ልዙር ቢል ይዙር፤ ካቮው እንደተኛ ነው። አይጠመዘዝም። ያልተጠመዘዘ ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም።”

“አይፈታም?” አሉ አዴ ሃሊሞ።

“ዳዶ ነው እንዴ የሚፈታው! ሊዞር ነው የተሠራው። እንዳይዞር ብታደርጊው ነው ጉዱ።”

እንዳይዞር ያደረግኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሙሴ በጣታቸው ግራሶውን ነካ አደረጉና፣ “ናሁ ግራሶ አይሰስትም” ብለው ሳቁ። ያለ ማንበቢያ መነጽራቸው ቅርብ ነገር አያዩም፤ መነጽራቸው መኪናው ውስጥ ነበር። ሽቦውን አላዩትም።

“ሙሴ...” አልኩ።

“እ?”

አዴ ሃሊሞ ዞረው አዩኝ። ሙስአብም ከክሬኑ አንገቱን አወጣ። ሁለት የባጃጅ ሾፌሮችም መንገዱ ስለተዘጋባቸው እያዩን ነበር።

“ምንም” አልኩ።

በስንዝሩ እነግራቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ስንዝር የእኛ ልማድ ነው። ማንኛውንም ዕቃ መጀመሪያ አንድ ስንዝር ብቻ እናነሳዋለን። ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል። ሙሴ መዳፋቸውን ሰንሰለቱ ላይ ጭነው፣ አባታቸው እንዳስተማሯቸው በፈረንሳይኛ እስከ ሃያ ይቆጥራሉ፤ አን፣ ዱ፣ ትሯ እያሉ። ሃያውን፣ ቫን ሲሉ ካልተንቀጠቀጠ፣ ካልጮኸ፣ ይነሳል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ቀስ ብዬ ጠጋ እላቸዋለሁ፣ በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ፣ ማንም አይሰማም። ይህን አስቤ ትንሽ ተነፈስኩ።

ሙስአብ ሞተሩን አስነሳ። ባጃጆቹ ጡሩምባ መንፋት ጀመሩ።

“አቦ፣ ቶሎ በሉ እንጂ! ጁምዓ ሊያመልጠን ነው!” አለ ሙመድ ከግቢው ውስጥ። “ኢማሙ እኔን ካላየ ኹጥባ ስብከቱን አይጀምርም!”

“አንተን ካየማ ያቋርጠዋል” አለው ሙስአብ።

ሙሴ ሣህሉ ሰዓታቸውን አዩ። የተዘጋውን መንገድ አዩ። ከበሩ ሥር የሚፈሰውን ውሃ አዩ። “ውጣ ናሁ” አሉኝ። “ዛሬ ስንዝር አያስፈልግም። ለዟሪው ነው አይደል ይህን ሁሉ የለፋነው? አንሳ!”

አራት ዓመት ሙሉ ስንዝር ቀርቶ አያውቅም። ያን ቀን የቀረው በዟሪው ስለታመኑ ነው፤ ዟሪው ደግሞ በእኔ ሽቦ ታስሯል።

ጣሪያው ላይ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። እጄ ብቻውን ምልክት ሰጠ፤ ኮምፕሬሰሩም ተነሣ። ቡሙ፣ የክሬኑ ክንድ፣ ወደ ግቢው ሲዞር ኮምፕሬሰሩ በራሱ ዙሪያ አንድ ጊዜ ሞልቶ ዞረ፤ ዟሪው ግን አልዞረም። የዞረው ካቮው ነው። ጸጉር ሲጎነጎን እንደሚጠብቀው እየጠበቀ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት።

አጥሩን ተሻገረ። ቱቦ የሚገጠምበት ፊቱ ወደ በረዶ ቤቱ በር መዞር ስላለበት ሙመድ ልጓሙን ይዞ መጎተት ጀመረ። በኮምፕሬሰሩና በአጥሩ መካከል ቆሟል። ከኋላው የአጥሩ ግንብ ነው፤ ከፊቱ ሁለት ቶን ብረት በሰው ደረት ከፍታ ላይ ተንጠልጥሏል።

“ዋሪያ፣ ይሄ ዟሪ በአንድ ጣት ይዞራል አላላችሁም?” አለ ሙመድ እየተነፈሰ። “በቅሎ ነው እንዴ? እምቢ አለኝ ወላሂ!”

“ጎድንህ አልዳነ ይሆናል!” አሉት ሙሴ በሩ ላይ ሆነው።

“ጎድኔ ደኅና ነው፤ ብረቱ ነው ጁምዓ የማይወደው!”

ከዚያ ማድረግ የሌለበትን አደረገ። እጁ በላብ ሲያዳልጠው ልጓሙን የእጁ አንጓ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመው። ወደ ኋላ ተንጋሎ በሙሉ ክብደቱ ጎተተ። ኮምፕሬሰሩ እያቃሰተ ሌላ ግማሽ ዙር ዞረ። ካቮው ላይ የብረት ክሮቹ አንድ በአንድ ሲነሡ፣ ውጥርጥር ሲሉ አየሁ። ፌሮዋ ጎብጣለች። ከአሥራ ሁለቱ ሽቦ አንዱ ተበጥሶ ግራሶው ውስጥ እንደ ጢም ወጥቷል።

መዳፌን ዘረጋሁ፤ ‘ቁም’። ሙስአብ አቆመ። ክሬኑ ቆመ፤ ካቮው ግን አልቆመም። ያ ሁሉ ጥምዝምዝ ውስጡ አለ፣ ሊመለስ ይፈልጋል። የያዘው የሙመድ እጅ ብቻ ነው። ሙመድ ለአፍታ ቢደክመው ኮምፕሬሰሩ አንድ ዙር ተኩል ወደ ኋላ ይፈተለካል፤ እሱንም በአንጓው ይዞ።

“ሙመድ” አልኩ። ለራሴም አልተሰማኝም።

“ምን ቆማችሁ?” አለ ሙመድ ጀርባውን እንደሰጠኝ። “ናሁ! ምን አየህ?”

አፌን ከፈትኩ። ጉሮሮዬ ተዘጋ። ሁልጊዜ እንደሚዘጋው ነው የተዘጋው፤ ልክ ሰው በእጁ እንደጨበጠው። ሙሴ ቀና ብለው አዩኝ። አዴ ሃሊሞም አዩኝ። ብናገር ከዚህ ሥራ እባረራለሁ። ሰው ሊገድል የነበረው እያሉ ከተማው ሁሉ ይጠቁምብኛል። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት። ከዚያ የሙመድን ክንድ አየሁ፤ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

“አስሬዋለሁ!” ብዬ ጮኽኩ።

የማን ድምፅ እንደሆነ አላወቅኩም።

“ምኑን ነው ያሰርከው?” አሉ ሙሴ።

“ዟሪውን! በሽቦ አስሬዋለሁ! አይዞርም! ካቮው ተጠምዝዟል፣ ሊመለስ ነው! ሙመድ፣ ገመዱን ከእጅህ ፍታ!”

የሙሴ ፊት አመድ መሰለ። “ሙመድ እንዳትለቅ!” አሉ። “አሁን ብትለቅ ይወስድሃል። ጥብቅ! ናሁ፣ አውርድ!”

“መፍታት አልችልም” አለ ሙመድ። ቀልዱ ከድምፁ ጠፍቷል። “ነክሶኛል ሙሴ። አንጓዬን ነክሶታል።”

ልጓሙ በጥምጥሙ ላይ ተጣብቆ እጁ ጠቁሮ ነበር። ጣቴን ወደ ታች አድርጌ ማዞር ጀመርኩ፤ ‘አውርድ’። እጄ ግን እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥ ጣት በእኛ ምልክት ‘በጣም ቀስ’ ማለት ነው። ሙስአብ ከአጥር ወዲያ ሆኖ የሚያየው ጣቴን ብቻ ነው። በጣም ቀስ አለ። ኮምፕሬሰሩ ያለ ንቅናቄ፣ በጣት ስፋት በጣት ስፋት ወረደ። ቶሎ ቢወርድ ይናጥ ነበር፤ ቢናጥ ደግሞ ሙመድ አይችለውም። ፍርሃቴ ነው በትክክል ምልክት የሰጠው።

“ላ ኢላሃ ኢልለላህ” ይላል ሙመድ። “ላ ኢላሃ ኢልለላህ። ሙሴ፣ እጄ ሊተወኝ ነው።”

“ስለት አቀብሉኝ!” ብለው ጮኹ ሙሴ።

አዴ ሃሊሞ የበረዶ መፍለጫውን መጥረቢያ ከበሩ ጀርባ መዝዘው ወረወሩላቸው። ሙሴ ሣህሉ ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው። ከግንቡና ከኮምፕሬሰሩ መካከል እንደ ወጣት ገቡ። ሙመድን ከኋላ በአንድ ክንዳቸው ወገቡን አቅፈው፣ “ስመታው አብረኸኝ ውደቅ። ወደ በሩ። ገባህ?” አሉት።

“ሃዬ፣ ገባኝ።”

እኔ ጣቴን እያዞርኩ ነው። ኮምፕሬሰሩ ከመሬት ሁለት ስንዝር ቀርቶታል። ዓይኔን ልጨፍን ፈለግኩ፤ ከጨፈንኩ ግን ሙስአብ ዓይን የለውም።

መጥረቢያው የተወጠረውን ልጓም በጠሰው። ድምፁን አልሰማሁም። ሁለቱ ሰዎች ተቃቅፈው በበሩ ውስጥ ሲወድቁ አየሁ፤ የቀለጠው ውሃ ተረጨ። ኮምፕሬሰሩ በዚያው ቅጽበት ወደ ኋላ ፈተለከ። ጫፉ ሙመድ ቆሞበት የነበረውን ግንብ መታው፤ ሁለት ብሎኬት ወደ ውጭ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ተሰባበረ። አንድ ዙር ዞረ፣ ሌላ ግማሽ ዞረ፣ ካቮው ተላቀቀ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ቆመ። ጣቴን ማዞር አላቆምኩም። መሬት ነክቶ ሰንሰለቱ ሲላላ መዳፌን ዘረጋሁ። ከዚያ ጣሪያው ላይ ተቀመጥኩ።

ሙመድ አልሞተም። አንጓው ላይ ቆዳው ተገፎ ነበር፤ አዴ ሃሊሞ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው እየያዙለት፣ “በነፃ ነው፤ ሌላ ጊዜ ግን ትከፍላለህ” አሉት። ሊስቅ ሞከረና ጥርሱ ተንገጫገጨ። እሱና ሙስአብ ሰላታቸውን ሊሰግዱ ሄዱ። ሲያልፍ ወደ ጣሪያው አላየም።

ሙሴ ልብሳቸው እንደራሰ ክሬኑ አጠገብ መጥተው መነጽራቸውን ከመኪናው አወጡ። ወደ ግቢው ተመልሰው ዟሪውን አዩት። ግራሶውን በጨርቅ ጠረጉት። ሽቦውን በጣታቸው ቆጠሩት።

“አሥራ ሁለት” አሉ። “አጠማጠሙ ጥሩ ነው። ማን ነው እንዲህ ያስተማረህ?”

“እርስዎ” አልኩ ወርጄ።

“እኔ ነኝ አዎ።” ጨርቁን አጠፉት፣ ፈቱት። “ቢሮዬ በር ላይ ትናንት መጥተህ ተመለስክ። አይቼህ ነበር። ‘ምን ፈለግክ?’ አላልኩህም።” ፒንሳውን ሰጡኝ። “ፍታው። ካቮውንም ከላይ እስከ ታች በእጅህ እየዳሰስክ እይልኝ፤ አንድ ክር ተበጥሶ ብታገኝ ዛሬ አናነሣም።”

ሽቦውን ብቻዬን ፈታሁት። በሩቅ መስጊዱ ይሰማኝ ነበር። ፒንሳው ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። ካቮው ላይ የተነሡት ክሮች ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል፤ የተበጠሰ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ዳሰስኩት፣ ከዚያ ሦስተኛ። የታችኛውን ቀለበት በጣቴ ነካሁት። ያለ ድምፅ ዞረ። እንደ ትናንቱ ፈራሁት።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ተመለሱ፤ ኮምፕሬሰሩ እንደገና ተነሥቶ ፊቱ ወደ በሩ መዞር አለበት። ሙመድ በተጠቀለለ እጁ አዲስ ልጓም ይዞ ቦታው ላይ ቆመ። ከግንቡ በኩል ግን አልነበረም፤ በክፍት በኩል፣ ልጓሙን በመዳፉ ብቻ ይዞ።

“ሌላ ምልክት ሰጪ ቢታጣ ነው እንጂ፣ አንተን የማምን መስሎሃል?” አለኝ። ከአደጋው በኋላ የተናገረኝ የመጀመሪያው ነገር ነው። ወደ ጣሪያው ተመልሼ ወጣሁ።

ኮምፕሬሰሩ አንድ ስንዝር ተነሣ። ሁሉም ዝም አለ። ሙሴ ሣህሉ መዳፋቸውን ሰንሰለቱ ላይ ጫኑና መቁጠር ጀመሩ። አን። ዱ። ትሯ። ከዚህ በፊት የዚያን ያህል ቀስ ብለው ሲቆጥሩ ሰምቼ አላውቅም። ቫን ሲሉ ሙስአብ እጄን እየጠበቀ ነበር፤ ሙሴ ግን ‘አንሳ’ አላሉም። ቀና ብለው ወደ ጣሪያው አዩኝ።

“ናሁ?” አሉ።

ጠበቁ። ሙመድም አንገቱን አዙሮ ጠበቀ።

ጉሮሮዬ ተዘጋ። ዋጥ አደረግኩ።

“ሽቦ የለም” አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። “ካቮውን ሦስት ጊዜ ዳስሼዋለሁ። እንደገና ላየው እፈልጋለሁ።”

“እይ” አሉ ሙሴ።

ወረድኩ፣ አየሁት፣ ተመልሼ ወጣሁ። ከዚያ እጄን አነሣሁ።